ሐንሳርድን የሚያገላብጥ ሰው ምን ያገኛል?

የእንግሊዝ ፓርላማ በአዳራሹ የሚነገረው እንዳይታተም ከመቶ ዓመት በላይ ሲከላከል ኖሮ፣ በስተኋላ በዓለም ላይ እጅግ ከሚጠቀሱት የምክር ቤት ቃለ ጉባኤዎች የአንዱ ባለቤት ሆነ። ኮመንስ የሚባለው የታችኛው ምክር ቤት በ1738 ባሳለፈው ውሳኔ (እዚህ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአባላቱን ንግግር ማተም የምክር ቤቱን ልዩ መብት የሚዳፈር ወንጀል እንደሆነ አውጆ ነበር። ዛሬ ግን ማንም ሰው ስልኩ ላይ አንድ ቃል ጽፎ ከ1803 ጀምሮ በዚያ አዳራሽ የተነገረውን ማሰስ ይችላል። ምቾቱ ትልቅ ነው፤ የሚሸፍነውም ነገር የዚያኑ ያህል ትልቅ ነው። ሐንሳርድ የሚለው አንድ ስም የተለያዩ ሰዎች፣ በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ዘዴና ዓላማ ያዘጋጇቸውን ሰነዶች አንድ ላይ ጠቅልሎ ይጠራል። መፈለጊያው ሳጥን ሁሉንም በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት ገጽ ያቀርባቸዋል። እንዴት እንደተሠሩ ሳያውቅ የሚፈልግ ሰው ቃሉን ያገኛል፤ ቃሉ የማን እንደሆነ ግን ላያውቅ ይችላል።

ክልከላው ሲጀመር ምክንያት ነበረው። በ17ኛው መቶ ዘመን አንድ እንደራሴ በተናገረው ነገር ንጉሡ ሊያስሩት ይችሉ ነበር፤ ቀዳማዊ ቻርልስ በ1642 አምስት አባላትን ለመያዝ ወታደር አስከትለው አዳራሹ ድረስ ገብተዋል። ስለዚህ የምክር ቤቱ ጸሐፊ በመዝገቡ የሚያሰፍረው ውሳኔውን እንጂ ንግግሩን አልነበረም። ያ መዝገብ «ጆርናል» ይባላል፤ እስከ ዛሬም ከሐንሳርድ ተለይቶ ይታተማል። አንዱ ምን እንደተደረገ፣ ሌላው ምን እንደተባለ ይናገራልና የሁለቱ ልዩነት ለፈላጊ ቀላል አይደለም። የንጉሡ ሥጋት ካለፈ በኋላ ግን ክልከላው ሌላ ጥቅም አገኘ፤ እንደራሴውን ከመራጩ ዓይን ይሰውረው ጀመር።

ክልከላው የወለደው ዝምታን ሳይሆን ፈጠራን ነው። ኤድዋርድ ኬቭ የተባለ የለንደን አሳታሚ፣ «ጀንትልማንስ ማጋዚን» በተባለው መጽሔቱ፣ የምክር ቤቱን ክርክር ጆናታን ስዊፍት በጉሊቨር ጉዞ ከፈጠራት ከሊሊፑት፣ ከድንኮቹ አገር፣ የደረሰ ወሬ አስመስሎ ያወጣው ጀመር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዋልፖል «ዋሌሎፕ»፣ ወጣቱ ፒት «ፕቲት» ተባሉ፤ የላይኛው ምክር ቤት ሎርዶች «ሁርጎ»፣ የታችኛው ምክር ቤት አባላት ደግሞ «ክሊናብ» ሆኑ። አንባቢው ማን ማን እንደሆነ ለመለየት አልተቸገረም። በ1740ዎቹ መጀመሪያ እነዚህን ንግግሮች ሲጽፍ የነበረው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። የእኛ አንባቢ ጆንሰንን የሚያውቀው በሌላ በኩል ነው፤ የኢየሱሳዊውን የሎቦን የአቢሲንያ ጉዞ ተርጉሞ በ1735 ያሳተመ፣ በ1759ም «ራሴላስ» የተባለውን የአቢሲንያ ልዑል ታሪክ የጻፈ ደራሲ ነው። ኢትዮጵያን ሳይረግጥ ራሴላስን እንደጻፈ ሁሉ፣ የምክር ቤቱንም ንግግር የጻፈው ከአዳራሹ ርቆ ነበር። ማን እንደተናገረ፣ በየትኛው ወገን እንደቆመ የሚገልጽ ቁራጭ ማስታወሻ ይደርሰዋል፤ ቃሉን፣ ምሳሌውን፣ ቁጣውን ራሱ ይጨምርበታል። ፒት በ1741 ወጣትነታቸውን ለነቀፉባቸው አዛውንት መለሱት የተባለው ዝነኛ ንግግር በዚህ መንገድ የተጻፈ ነው፤ ጆንሰንም ከዓመታት በኋላ የእኔ ሥራ ነው ብሎ አምኗል። ወደ ሞቱ ሲቃረብ ከጻፈው ሁሉ ያጸጸተው እነዚህ ክርክሮች እንደነበሩ ይነገራል። ጸጸቱ ግን ሰነዱን አላስቆመውም። በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ዊልያም ኮቤት ከ1803 በፊት ያለውን የፓርላማ ታሪክ ለመሙላት ተከታታይ ጥራዞች ሲያሳትም፣ የጆንሰን ድርሰቶች እንደ እውነተኛ ንግግር ገቡበት። የዋልፖልን ዘመን በእነዚያ ጥራዞች የሚያጠና ሰው፣ ካልተጠነቀቀ፣ የአንድን ድሃ ደራሲ የሌሊት ሥራ የመንግሥት ሰዎች ቃል አድርጎ ይጠቅሳል።

ክልከላው የተሰበረው በ1771 ነው፤ የሰበረውም የለንደን ከተማ አስተዳደር እንጂ የፓርላማው በጎ ፈቃድ አልነበረም። ምክር ቤቱ ንግግሮችን ያተሙ ጋዜጠኞች እንዲያዙ አዘዘ። መልእክተኛው ሚለር የተባለውን አታሚ ለመያዝ ወደ ከተማው ሲገባ፣ ከንቲባው ብራስ ክሮስቢ፣ ሪቻርድ ኦሊቨርና ጆን ዊልክስ በዳኝነት ተቀምጠው አታሚውን ለቀቁት፤ መልእክተኛውን ግን ሰው ደብድበሃል ብለው ከሰሱት። ክሮስቢና ኦሊቨር ራሳቸው የምክር ቤት አባላት ስለነበሩ ወደ ለንደን ግንብ ተላኩ፤ ሲፈቱ የከተማው ሕዝብ በእልልታ ተቀበላቸው። ምክር ቤቱ የ1738ቱን ውሳኔ አልሻረም፤ ማስፈጸሙን ብቻ ተወው። እርግፍ አድርጎ የተወው በ1971 ነው፤ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ጋዜጦች በሕግ ዓይን ወንጀል የሆነ ሥራ በየቀኑ በይፋ ሲሠሩ ኖረዋል ማለት ነው።

ፈቃድ ማጣቱ የቀረለት ዘጋቢ ግን ወንበርም ብዕርም አልነበረውም። በሰገነቱ ላይ ማስታወሻ መያዝ ክልክል በነበረበት ጊዜ ዊልያም ዉድፎል የተባለ ጋዜጠኛ ሰዓታት ሙሉ ቁጭ ብሎ አዳምጦ፣ ቤቱ ሲመለስ ክርክሩን ከአእምሮው እየቀዳ ይጽፍ ስለነበር «ሜሞሪ» የሚል ቅጽል ወጣለት። በግንቦት 1803 የዚያ የፒት ልጅ የሆኑት ታናሹ ዊልያም ፒት ከፈረንሳይ ጋር ስለሚደረገው ጦርነት ያደረጉት፣ የሰሙት ሁሉ ከንግግሮቻቸው ምርጡ ነው ያሉት ንግግር፣ ዛሬ የለም። በዚያ ቀን ሰገነቱ በሕዝብ ተጨናንቆ ዘጋቢዎቹ መግባት አልቻሉም። ለእነሱ መቀመጫ የተለየላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ኮቤት «የፓርላማ ክርክሮች» የተባለውን ተከታታይ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። የራሱ ዘጋቢ አልነበረውም፤ ከየጋዜጣው እየለቀመ፣ እያነጻጸረ ይሰፋው ነበር። በ1810 ስለ ወታደሮች መገረፍ በጻፈው ጽሑፍ ሁለት ዓመት ተፈረደበትና ዕዳ ሲጫነው ሥራውን በ1812 ለአታሚው ለቶማስ ከርሰን ሐንሳርድ ሸጠ። ሐንሳርድ የታችኛው ምክር ቤት አታሚ የነበረው የሉክ ሐንሳርድ ልጅ ነው፤ ከ1829 ጀምሮ ስሙን በጥራዙ ሽፋን ላይ አኖረ፤ ስሙም ቀስ በቀስ የሰነዱ መጠሪያ ሆነ። መዝገቡ መንግሥታዊ ይመስላል እንጂ በዚያን ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ንግድ ነበር።

የ19ኛውን መቶ ዘመን ሐንሳርድ የሚገልጥ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው ተናጋሪው ስለ ራሱ በሦስተኛ መደብ ሲናገር ነው። «እሳቸው እንዲህ ያስባሉ፣ እሳቸው እንዲህ ያዝናሉ» እያለ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ገጹ ከጋዜጣ የተለቀመ ማጠቃለያ ነው። የታወቁት ሰዎች ንግግር ረዘም ብሎ በአንደኛ መደብ ይወጣል፤ ያልታወቀው እንደራሴ በሁለት መስመር ይታለፋል። ከመታተሙ በፊት ረቂቁ ለአባሉ ይላክለት ስለነበር፣ የፈለገ ቃሉን ያሳምራል፣ የቸኮለ ሳያየው ይቀራል። በኋለኞቹ ጥራዞች በንግግሩ ራስ ላይ የምትገኘው ትንሽ ኮከብ አባሉ ራሱ አርሞታል ማለት ናት። መፈለጊያው ሳጥን ለዚች ኮከብ ደንታ የለውም፤ ሰነዱን የሚጠቅስ ሰው ግን ሊኖረው ይገባል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ እዚህ ላይ ይመጣል። ፓርላማው በኅዳር 1867 የተጠራው በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ለሚደረገው ዘመቻ ገንዘብ ለመፍቀድ ነበር፤ በመጀመሪያ የተጠየቀው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን ወጪው በመጨረሻ ወደ 9 ሚሊዮን ተጠግቷል። በሐምሌ 1868 ጠቅላይ ሚኒስትር ዲዝራኤሊ ለዘመቻው አዛዥ ለጄኔራል ናፒየር ምስጋና ሲያቀርቡ የራሴላስን ተራሮች አነሡ፤ የሊሊፑትን ክርክር የፈጠረው ደራሲ መቶ ዓመት ቆይቶ በእውነተኛው ምክር ቤት መዝገብ በኢትዮጵያ ስም ገባ። ከዚህ ይልቅ ዛሬ የሚፈለገው የሰኔ 30 ቀን 1871 ገጽ ነው። በዚያ ቀን ከመቅደላ የመጣው የአቡኑ የወርቅ ዘውድና ጽዋ ጉዳይ ተነሥቶ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ዕቃዎቹ ከአገራቸው በመውጣታቸው ማዘናቸውን፣ ውጊያው ከቴዎድሮስ ጋር እንጂ ከሕዝቡና ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር እንዳልነበረ፣ ናፒየርም ዕቃዎቹ መመለስ እስኪቻል በአደራ እንዲቀመጡ ይፈልጉ እንደነበር ተናገሩ። የመቅደላ ቅርሶች ይመለሱ የሚሉ ወገኖች ይህን ገጽ ደጋግመው ይጠቅሱታል፤ መጥቀሳቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ገጹ ግላድስተንን የሚያናግራቸው በሦስተኛ መደብ ነው። ከአንደበታቸው የወጣውን እያንዳንዱን ቃል ይዣለሁ የሚል ሰው ሰነዱ ያላለውን ይላል፤ የሐሳባቸውን ፍሬ ይዣለሁ የሚል ግን በጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል።

አንድ ተቃውሞ እዚህ ላይ መነሣቱ አይቀርም። ዘጋቢው ያጠቃለለው፣ አታሚው የለቀመው፣ ተናጋሪው ያሳመረው መዝገብ ማስረጃ ይሆናል ወይ? ይሆናል። ንግግሩ የተደረገው በመቶ የሚቆጠሩ ተቀናቃኞች በተቀመጡበት ነው፤ ዘገባው በማግሥቱ እርስ በርስ በሚፎካከሩ ጋዜጦች ላይ ወጥቷል፤ ያልተባለ ተባለ ቢባል ተነሥቶ የሚያስተባብል ባላንጣ ሞልቷል። የጆንሰንን ክርክር ከግላድስተን ገጽ የሚለየውም ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው በክልከላ ጨለማ ውስጥ ሲጻፍ ሁለተኛው በአደባባይ ተጽፏል። መዝገቡ ተናጋሪው ያለውን ሁሉ ቃል በቃል አይሰጠንም፤ ማንም ሊክደው የማይችለውን አቋም ግን ይሰጠናል። ቃል በቃሉን የሚፈልግ የዚያን ጊዜ ጋዜጦች ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ አለበት፤ ልዩነታቸው ራሱ ብዙ ያስተምራል።

ከ1878 ጀምሮ መንግሥት ለሥራው ድጎማ ሰጠ፤ የሐንሳርድ ቤተሰብ በመቶ ዘመኑ መጨረሻ ገደማ ድርጅቱን ሲለቅ ሥራው በኮንትራት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተንከባለለ፤ እንደራሴዎቹም በመዘግየቱና በስሕተቱ ተማረሩ። በ1907 የተሰየመው ኮሚቴ ከመረመረው በኋላ በ1909 ሁለቱም ምክር ቤቶች የየራሳቸውን ዘጋቢዎች ቀጥረው ይፋዊ መዝገብ ማተም ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ተናጋሪ በአንደኛ መደብ ይናገራል፤ ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠውም ከሚኒስትሩ እኩል ቦታ ያገኛል። ሐንሳርድ የሚለው ስም ለተወሰኑ አሠርት ዓመታት ከሽፋኑ ጠፍቶ በ1943 ተመለሰ፤ በ1944 ጂን ዊንደር የታችኛው ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዘጋቢ ሆነች። ታዲያ ይፋዊ ከሆነ በኋላስ ቃል በቃል ነው? ኮሚቴው ያጸደቀው መለኪያ ራሱ ይመልሳል፦ ድግግሞሽና ትርፍ ቃል ይወጣል፣ ግልጽ ስሕተት ይታረማል፣ ለንግግሩ ትርጉም የሚጨምር ወይም ክርክሩን የሚያብራራ ነገር ግን አይነካም። በዓምዱ ላይ የሚታየው ጥርት ያለ ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ በአዳራሹ የተንተባተበ ነበር። ተናጋሪው ሲያመነታ ምን እንዳሰበ ለማወቅ የሚሻ ተመራማሪ ድምፁን ማዳመጥ አለበት፤ ለዚህም ቋሚው የሬዲዮ ሥርጭት ከጀመረበት ከ1978 ወዲህ ያለው ዘመን ብቻ ይጠቅመዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በዝግ የተካሄዱት ስብሰባዎች ደግሞ ከነጭራሹ ዘጋቢ አልነበራቸውም።

ገጹ በሁለት ዓምድ የተከፈለ ሲሆን ቁጥር የሚሰጠው ለገጹ ሳይሆን ለዓምዱ ነው። ሐንሳርድን የሚጠቅስ ሰው ምክር ቤቱን፣ ቀኑን፣ ቅጹንና ዓምዱን ይጽፋል፤ በዚህ አድራሻ ማንም ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያንኑ መስመር ማግኘት ይችላል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ይሁንና መዝገቡን ከመጽሐፍ መደርደሪያ ወደ ማስረጃነት ያሻገረችው እሷ ናት። ከ1830 እስከ 1891 ያለው ሦስተኛው ተከታታይ ብቻ 356 ጥራዝ ነው። ያለ ዓምድ ቁጥርና ያለ ማውጫ ይህን ክምር የሚያነበው ማን ነው? ማውጫው ግን የሠሪውን አስተሳሰብ ይዞ ይሄዳል፤ አንድን ጉዳይ በየትኛው ርእስ ሥር ያስቀምጠዋል የሚለውን የሚወስነው የማውጫው አዘጋጅ እንጂ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣው ጠያቂ አይደለም።

ፍለጋው ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ምን ያህልም እንደሚያዋጣ፣ በጉልህ የታየው በፍርድ ቤት ነው። የእንግሊዝ ዳኞች ሕግን ሲተረጉሙ ሐንሳርድን እንዳያዩ በልማድ ታግደው ኖረዋል። ዳኛው ሎርድ ዴኒንግ አየዋለሁ ቢሉ የበላዩ ፍርድ ቤት ገሥጿቸዋል። በኅዳር 1992 «ፔፐር እና ሃርት» በተባለው ጉዳይ እገዳው ላላ። የማልቨርን ኮሌጅ መምህራን ልጆቻቸውን በቅናሽ ክፍያ ያስተምሩ ነበር፤ ግብር ሰብሳቢው ጥቅሙ የሚሰላው ትምህርት ቤቱ ለአንድ ተማሪ በሚያወጣው አማካይ ወጪ ነው አለ። በ1976 የገንዘብ ሕጉ በኮሚቴ ሲታይ ግን፣ የግምጃ ቤቱ ባለሥልጣን ሮበርት ሼልደን ስለዚሁ ስለ መምህራን ልጆች ተጠይቀው፣ ግብሩ የሚሰላው ለአሠሪው በተጨመረው ወጪ ብቻ በመሆኑ እጅግ ጥቂት እንደሚሆን መልሰው ነበር። ያ ገጽ መምህራኑን ረታላቸው። ከዳኞቹ አንዱ የሆኑት ሎርድ ቻንስለር ማኬ በዘዴው አልተስማሙም፤ ተቃውሟቸው የፍልስፍና ሳይሆን የኪስ ነበር፤ እያንዳንዱ ጠበቃ ሐንሳርድን እንዲበረብር ከተገደደ ወጪው በደንበኛው ላይ ይወድቃል አሉ። በጊዜው ጠንካራ ክርክር ነበር። መዝገቡ በኮምፒዩተር መፈለግ ሲቻል ወጪው ወርዷል፤ ሥጋቱ ግን መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ርካሽ ፍለጋ ብዙ ጥቅስ ያመጣል፤ ብዙ ጥቅስም አንዱን ሚኒስትር ሕግ አውጪው ሁሉ አስመስሎ ያቀርባል። ፍርድ ቤቱ ራሱ ሕጉ አሻሚ ሲሆን፣ ንግግሩም ግልጽና የሕጉ አቅራቢ የተናገረው ሲሆን ብቻ ያለው ለዚህ ነው።

ከ1803 እስከ 2005 ያለው መዝገብ ገጽ በገጽ ተነሥቶ፣ ከምስል ላይ ፊደል በሚለቅም ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ ተለውጧል፤ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የተመራው የቋንቋ ጥናት በዚህ ክምር ውስጥ 1.6 ቢሊዮን ቃል ቆጥሯል። በ2004 ደግሞ «ዜይ ዎርክ ፎር ዩ» የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች ድረ ገጽ የከፈቱት ሰዎች አንድ ዜጋ የሚከታተለው ቃል በአዳራሹ በተነሣ ቁጥር ኢሜይል እንዲደርሰው አደረጉ። ውጤቱ ወደ አዳራሹ ተመልሶ ገባ። አባላቱ ስንት ጊዜ እንደተናገሩ መቁጠሩ ይፋ ሲሆን፣ ቁጥራቸውን ለማሳደግ ብቻ የሚናገሩ አሉ የሚል ወቀሳ ተሰማ፤ ድረ ገጹም ቁጥሩን የሚያቀርብበትን መንገድ ለማስተካከል ተገደደ። መዝገቡ ሲፈለግ የሚመዘግበውን ነገር መለወጥ መጀመሩ ነው።

ሁሉም ጽሑፍ ከገባ ሁሉም ይገኛል የሚለው እምነት ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለ ዘውዱና ስለ ጽዋው የሚፈልግ ሰው «ኢትዮጵያ» ብሎ ቢጽፍ የ1871ን ገጽ አያገኘውም፤ የዘመኑ ቃል «አቢሲንያ» ነው፣ መቅደላ «ማግዳላ» ነው፣ ቴዎድሮስም «ቴዎዶር» ናቸው። በደበዘዘ ወረቀት ላይ ፕሮግራሙ አንዱን ፊደል ለሌላ ሲያነብ ስሙ ከነገጹ ከውጤቱ ይወጣል። የኮሚቴዎች ክርክር የሚታተመው በተለየ ተከታታይ በመሆኑ፣ የሼልደንን መልስ በዋናው አዳራሽ መዝገብ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። «አልተገኘም» የሚለው መልስ አልተነገረም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ዘጋቢው በር ላይ ቀርቷል፣ ስብሰባው ዝግ ነበር፣ ቃሉ በሌላ አጻጻፍ ገብቷል ወይም ክርክሩ በሌላ ጥራዝ ነው ማለትም ሊሆን ይችላል። የተገኘውም ቢሆን ሁልጊዜ የመጨረሻው ቃል አይደለም። ከ2007 ጀምሮ ሚኒስትሮች በአዳራሹ የሰጡትን የተሳሳተ መረጃ የሚያርሙበት የተለየ ክፍል በሐንሳርድ ውስጥ ተከፍቷል፤ እርማቱ በሌላ ቀን ይታተማል፤ የታተመው ጥራዝ ላይ ግን የመጀመሪያው መልስ በተነገረበት ዓምድ እንዳለ ይቀመጣል።